ሞዴሉ 78፣ ብሔራዊው 34፤ ማን ዋሸ?

ግንቦት ሲገባ በየቤቱ አንድ ቃል ይደጋገማል፤ «ሞዴል»። በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት እንግዳ ሲገባ ቡናው ሳይፈላ የሚነሣው ጥያቄ «ልጁ ሞዴል ስንት አመጣ?» የሚል ነው። ሰባና ሰማንያ ከተባለ ቤቱ ይደምቃል። እናት ትመርቃለች፤ አባት ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለመሸኘት የትኛውን በሬ እንደሚሸጥ ያሰላል። ሃምሳ ካልሞላ ደግሞ ቤቱ ልቅሶ የገባበት ይመስላል። ከዚያ ብሔራዊው ውጤት ይመጣና ደስታውንም ሐዘኑንም ይገለብጠዋል። እኔ በማየው ይህ መገለባበጥ በሒሳብ ላይ ይብሳል።

እኔ መምህርት አይደለሁም። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጤና ጣቢያዎች ያገለገልሁ ነኝ። ስለ ፈተና ምን አገባት የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገባኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ውጤት በወጣ ሰሞን እንቅልፍ ያጣች እናትና ምግብ አልበላም ያለ ልጅ ቀድመው የሚመጡት ወደ ጤና ባለሙያ ነው። ሁለተኛ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርሁት በመለኪያ ነው። ሙቀት ለክቼ፣ ደም ግፊት ለክቼ፣ ሕፃን መዝኜ። ቁጥር መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደሚያሳስት ሥራዬ አስተምሮኛል።

ባለፈው መስከረም አንድ የስማዳ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። «ይኸኛው ሒሳብ 78 ይላል። ይኸኛው 34 ይላል። በ78ቱ ታምኜ ወይፈን ሸጫለሁ። ልጁ ነው የዋሸኝ ወይስ ወረቀቱ?»

«አባቴ፣ ማንም አልዋሸም። ሁለቱ ወረቀቶች የመዘኑት አንድ ነገር አይደለም» አልኋቸው። «አንቱስ በግ ሲገዙ ጸጉሩን አይተው ብቻ ይገዛሉ?»

«ሽንጡን ሳልዳብስ?» ብለው ሳቁ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ሽንጥ መዳበስ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። ዓላማው ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ማስቀረት ነበር። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ። ከፍ እያለ መምጣቱ ደግ ነው። ያም ሆኖ በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከግማሽ በታች ነበር። ከእነዚህ መካከል በሞዴል ጥሩ ያመጡ ልጆችን በየሰፈራችን እናውቃለን።

ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ እየታየ ይቆረጥ ነበር። አሁን ግን መስመሩ 50 በመቶ ነው። ከመስመሩ በታች ከሆኑት የተወሰኑት በሪሜዲያል ሌላ ዕድል ያገኛሉ፤ ብዙዎቹ ግን አያገኙም። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድሞ በትክክል ማወቁ የቤቱን ዕቅድ የሚወስን ጉዳይ ሆኗል።

ሚዛኑን ዜሮ ማድረግ

በጤና ጣቢያ ሕፃን የምንመዝንበት ተንጠልጣይ ሚዛን አለ። ሕፃኑ የሚገባባት የጨርቅ ሱሪ መጀመሪያ ባዶዋን ተሰቅላ መርፌው ዜሮ ላይ ይመለሳል። ይህ ካልተደረገ የሱሪዋ ክብደት በሕፃኑ ላይ ይደመራል፤ የከሳ ልጅም ደህና ይመስላል። እናቲቱ «ደህና ነው» ተብላ ትሸኛለች። አልሚ ምግብ የሚያስፈልገው ልጅ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተሳሳተው ቁጥር ልጁን ሊያገኘው ይገባ ከነበረው እርዳታ ይነጥለዋል።

የሞዴል ውጤትም እንዲሁ ነው። በውሸት ከፍ ያለ 78 ልጁን አይጠቅመውም። መምህሩ «ይህ ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ቤተሰቡም ይረጋጋል፤ ልጁም ያላወቀውን ነገር ሳይከልስ ሰኔ ያልፋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል።

ታዲያ በሞዴሉ ላይ የሚደመረው «የሱሪ ክብደት» ምንድን ነው? የአዛውንቱን የልጅ ልጅ የሞዴል ወረቀት አስመጥቼ ከአንድ ጎረቤቴ ከሆነ የሒሳብ መምህር ጋር ተቀምጠን አየነው። ከ40 ጥያቄ 31 መልሷል። ልጁ ራሱም አብሮን ተቀምጦ በግልጽ አስረዳን። ያገኘነውን ነገር በየተራ ልንገራችሁ፤ በሌላውም ቤት ያለው ይኸው ነውና።

የተዘለለው ምዕራፍ

የልጁ ሞዴል የወጣው በአብዛኛው ከ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ምዕራፎች ነበር። መምህሩ ያስተማረውን ነው የጠየቀው፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ብሔራዊው ፈተና ግን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ይጠይቃል።

በእኛ አካባቢ ይህ ክፍተት ከሌላው ይልቅ ይሰፋል። በክልላችን ባለፉት ዓመታት በነበረው ጦርነትና ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ይህ ልጅም የ10ኛ ክፍልን ትምህርት በወጉ አልተማረም። ሒሳብ ደግሞ እንደ ግንብ ነው። ከሥር አንድ ድርድር ከጎደለ የላይኛው አይቆምም። ታሪክ ላይ አንድ ምዕራፍ ቢዘለል የሚቀረው ያ ምዕራፍ ነው። ሒሳብ ላይ ግን አንድ ምዕራፍ ከተዘለለ ከእሱ በኋላ የሚመጡ ሦስትና አራት ምዕራፎች አብረው ይናጋሉ። ትምህርት ቤት የሰጠው ሞዴል የተማረውን ብቻ ስለሚጠይቅ ይህን ጉድጓድ አያሳይም።

ጥያቄውን ማወቅና ሒሳቡን ማወቅ

ልጁ ከመለሳቸው 31 ጥያቄዎች 26ቱን ቀደም ሲል በወርክሺት ላይ አይቷቸዋል። የድሮ ዓመታት ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ «ሐ» መሆኑን ያስታውሳል፤ ለምን «ሐ» እንደ ሆነ ግን ሲጠየቅ ያመነታል።

መምህሩ አንድ ነገር አሳየኝ። ልጁን «ሲደመሩ 10፣ ሲባዙ 24 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀው። ወዲያው «6 እና 4» አለ። ቀጥሎ «ዙሪያው 20 ሜትር፣ ስፋቱ 24 ካሬ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የጎመን መደብ አለ። ረጅሙ ጎኑ ስንት ሜትር ነው?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ጥያቄው ግን ያው ነው። ዙሪያው 20 ከሆነ ርዝመትና ወርዱ ተደምረው 10 ይሆናሉ፤ ተባዝተው 24። መልሱ 6 ሜትር ነው። አለባበሱ ሲቀየር ልጁ አላወቀውም።

የድሮ ጥያቄ መሥራት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። መልመጃ ነው። ነገር ግን መልመጃና መለኪያ ይለያያሉ። ልጁ አስቀድሞ ያየው ጥያቄ የማስታወስ ችሎታውን እንጂ ሒሳቡን አይለካም።

በዚህ ላይ ቋንቋ አለ። ልጆቻችን በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ተምረው ሁለተኛ ደረጃ ላይ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ብሔራዊው ሒሳብም በእንግሊዝኛ ነው። የክፍሉ መምህር በአማርኛ ያብራራል፤ ሞዴሉም ቁጥር የሚበዛበት አጭር ጥያቄ ይሆናል። የጎመን መደቡ ታሪክ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን ልጁ ሒሳቡ ጋ ሳይደርስ ንባቡ ላይ ይቀራል።

ግምትም ነጥብ ያስገኛል

ወላጆች ብዙ ጊዜ የማያስቡት ነገር ይህ ነው። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ምንም የማያውቅ ልጅ ዝም ብሎ ቢያጠቁር ከአራት አንዱን ያገኛል። ስለዚህ ዜሮ እውቀት ማለት ዜሮ ውጤት ሳይሆን 25 አካባቢ ነው።

እስቲ እናስላው። ከ40 ጥያቄ 20ውን በትክክል የሚያውቅ ልጅ የቀሩትን 20 ቢገምት 5 ያህል ይቀናዋል። 25 ሆነ፤ በመቶኛ 62 ይላል። ወላጅ «ስልሳ ሁለት አመጣ» ሲል ልጁ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ወደ ታች ደግሞ እንየው። ከ100 ጥያቄ 12 ብቻ የሚያውቅ ልጅ የቀሩትን 88 ቢገምት 22 ያህል ያገኛል፤ ድምሩ 34 ነው። የአዛውንቱ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር!

በዚያ ላይ ሞዴሉ አጭር ከሆነ ዕድል የበለጠ ይጫወትበታል። ባለ 20 ጥያቄ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ 5 ነጥብ ነው። ሦስት ግምት ቢቀናው 15 ነጥብ ዘለለ ማለት ነው።

ቦታና ሰዓት

የደም ግፊት የሚለካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በቤቱ ደህና የነበረ ሰው ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ ከፍ ይላል። ሰውየው ያው ነው፤ ቦታው ግን ቁጥሩን ለወጠው።

ሞዴል የሚሰጠው በገዛ ክፍል፣ በሚያውቁት መምህር ፊት፣ ከጓደኛ ጎን ተቀምጦ ነው። አንዳንድ ቦታ ሰዓቱም ይለጠጣል፤ ጎን ለጎን መነጋገርም አይጠፋም። ብሔራዊው ሲሆን ልጁ ከቤቱ ወጥቶ በመኪና ተጉዞ፣ በማያውቀው ግቢ አድሮ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ በማያውቀው ፈታኝ ፊት ይቀመጣል። ካልኩሌተር የለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮምፒዩተር መፈተን ተጀምሯል፤ ቤቱ ኮምፒዩተር አይቶ የማያውቅ ልጅ ጥያቄው ሳይከብደው መሣሪያው ይከብደዋል። ከታች ጋይንት ቆላ ወርዶ የማያውቅ ገበያ ላይ እንደ ቆመ ሰው ግራ ይጋባል።

በሌላ አገርም ይሆናል

ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በስኮትላንድ «ሃየር» የሚባለውን የሒሳብ ፈተና የወሰዱ ተማሪዎች ጥያቄዎቹ ከተለማመዱባቸው ጋር አይመሳሰሉም ብለው በሺዎች ሆነው ፊርማ አሰባስበው አቤት አሉ። የፈተናው ድርጅትም ፈተናው ከታሰበው በላይ ከብዶ እንደ ነበር አምኖ ማለፊያውን ወደ 34 በመቶ ገደማ ዝቅ አደረገው። መጽሐፍና መምህር በሞላበት አገር እንኳ መልመጃና ፈተና ሳይገጥሙ ይቀራሉ። እዚያ መስመሩ ወረደላቸው። የእኛ መስመር ግን 50 ላይ ቆሟል። ስለዚህ ክፍተቱን መፈለግ ያለብን ከፈተናው በፊት ነው።

ያልተማረ አያትም ሊያደርገው የሚችል

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፤ ምኑን አውቄ ልጠይቀው?» የሚሉኝ አሉ። በግ ለመዳበስ ፊደል አያስፈልግም። እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ወላጅ ሊጠይቅ ይችላል።

አንደኛ፣ «ጥያቄው ስንት ነበር? ስንት ሰዓት ተሰጣችሁ?» በሉት። ጥያቄው ካነሰና ሰዓቱ ከተለጠጠ ውጤቱን ቀነስ አድርጋችሁ አስቡት።

ሁለተኛ፣ «ከስንተኛ ክፍል ወጣ?» በሉት። ከ12ኛ ብቻ ከሆነ ሞዴሉ የአራቱን ዓመት ሩብ እንኳ በወጉ አልመዘነም።

ሦስተኛ፣ «ስንቱን ጥያቄ ከዚህ በፊት አይተኸው ነበር?» በሉት። ሳትቆጡ ከጠየቃችሁት እውነቱን ይነግራችኋል።

አራተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ልጁ ሲለማመድ እርግጠኛ ያልሆነበት ጥያቄ ሁሉ ጎን ነጥብ ያድርግ። ሲጨርስ ነጥቦቹን አያት ይቁጠሩ። ከ40 ጥያቄ 20 ነጥብ ካለ፣ ውጤቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን ልጁ የሚያውቀው ግማሹን ነው። የሚከለሰውም ነጥብ ያለበት ነው፤ በግምት የተገኘው ጭምር።

አምስተኛ፣ አንድ ጥያቄ መርጦ በገብስ ፍሬም ቢሆን በጠጠር እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። እናንተ ባይገባችሁም ግድ የለም። ያወቀ ልጅ ሲያስረዳ ቃሉ ይፈስሳል፤ የሸመደደ ልጅ መሀል ላይ ይቆማል። ያን ለመለየት ወላጅ መሆን ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ልጁ ያላየውን ጥያቄ፣ በሙሉ ሰዓቱ፣ ብቻውን፣ ስልክ በሌለበት፣ ጠዋት ላይ ይሥራ። ይህ ነው ሚዛኑን ዜሮ ማድረግ። መምህራንን መለመን ያለብንም ለዚህ ነው። በአንድ ወረዳ ያሉ ትምህርት ቤቶች ጥያቄ ቢለዋወጡ አንዱ መምህር የሌላውን ተማሪዎች ባልለመዱት ጥያቄ ሊፈትን ይችላል። ወጪው የወረቀት ብቻ ነው።

ክፍተቱ ሲገኝ ደግሞ ልጁን ወደ 12ኛ ክፍል ወርክሺት አትመልሱት። ወደ ጎደለው ክፍል መጽሐፍ ይውረድ። የ12ኛ ክፍል ልጅ የ9ኛን መጽሐፍ ቢገልጥ አያፍርም፤ ቤተሰቡም «ወደ ኋላ ቀረ» አይበለው።

ሴት ልጅ ያላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወንዱ ልጅ ከተማ ተከራይቶ ስንቅ እየተላከለት ሲያጠና፣ እሷ ውሃ ቀድታ፣ ጋግራ፣ ወጥ ሠርታ ነው ደብተር የምትይዘው። ፈተናው ይህን አይጠይቃትም። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ያለውን ሥራ ለቤቱ ሰው ሁሉ አከፋፍሉት። ውጤቷ ዝቅ ሲል «ትምህርቱ አልሆነላትም» ብሎ ወደ ባል ማሰብም በእኛ አገር አልጠፋም። ያላገኘችውን ሰዓት የእሷ ድክመት አድርገን አንቁጠርባት።

ውጤት የወጣ ዕለት

እንደ ጤና ባለሙያ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው። በሞዴል ከፍ ብሎ በብሔራዊው የወደቀ ልጅ፣ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ከነበረው ይልቅ ይደነግጣል። ሰፈሩ ሁሉ ሰባ ስምንቱን ሰምቷልና። «አታለልኸን» የሚለው ቃል በዚያ ሰዓት እንደ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ይብላ፣ ይተኛ፤ ወሬው ይቆይለት። ልጁ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ከሰው ከራቀ፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ካለ፣ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት። የእህል መድኃኒትና የአረም ማጥፊያ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እንደ ወባ ሁሉ ለዚህም ሕክምና አለው።

መንገዱም አላለቀም። ሪሜዲያል ለተመደበ በር ነው። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ ብረት የሚበይድ፣ መብራት የሚዘረጋ፣ ሞተር የሚጠግን ሰው በየከተሞቻችን ይፈለጋል።

የስማዳው ልጅ በግል ለመፈተን ወስኖ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሮ እየከለሰ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ጎረቤቴ መምህር ዘንድ ይመጣል። መጀመሪያ ከተሰጡት 10 የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ጥያቄዎች 3 ነበር የመለሰው፤ በቅርቡ 7 መልሷል። አያቱ ወረቀቱን እየተቀበሉ ነጥብ ይቆጥራሉ። ሰባቱ 78 አይደለም፤ ግን ሁሉም ያለ ነጥብ ነው።

ዘንድሮ ተፈታኝ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ የሞዴሉን ቁጥር ከመስማታችሁ በፊት ወረቀቱን አስመጡት። ስንት አመጣህ ከማለት ይልቅ የትኛው ከበደህ በሉት። ልጆቻችንን ፈጣሪ ያበርታልን።